የረባሽ ስም

ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ አስፋልት አልቆ ጭቃ ሲጀምር፣
ከየካ አባዶ ማዶ ነው፣ አራተኛ «ለ»ን የማስተምር።
የከሰዓት ፈረቃ፤ ሰባ ሁለት ልጅ፤ በአንድ ዴስክ አራት፤
አንዱ ክርኑን ሲያነሣ የሦስቱ ደብተር ይወርዳል መሬት።

ጠመኔዬ ገና ሳይደርስ ከሰሌዳው ወገብ፣
ከኋላ ይነሣል አንድ ድምፅ፣ ቀጠሮ እንደማያከብር ረሃብ፤
«መገናኛ! መገናኛ! የሞላ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!»
አቤኔዘር ነው።
በመስኮቱ ብረት ተንጠልጥሎ፣ ግማሽ አካሉ ውጭ፣
ለሌለ መንገደኛ ይጮኻል፣ ለሌለ ተቀማጭ።
ሳቁ ከዴስክ ወደ ዴስክ እየተሻገረ፣
«ሂሳብ! የኋላ ሂሳብ!» የሚል ሌላ ረዳት ተፈጠረ።
እኔም እኮ ሂሳብ ነው ያልኩት፤ ግማሽ፣ ሩብ፣ ሲሶ፤
የኔን ግን የሚከፍል ጠፋ፣ ኪሱን ዳስሶ።

ያልሞከርኩት የለም።
አባበልኩት፤ ከረሜላዬን በልቶ ወረቀቱን አንኮሻኮሸበት፤
ዝም አልኩት፤ ዝምታዬን ከበሮ አድርጎ መታበት።
ፊት አስቀመጥኩት፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ለክፍሉ ሰበከ፤
«አንበርክኪው» አሉኝ፤ ተንበርክኮም ሳቀ፤ የኔው ጉልበት ተብረከረከ።
«ወላጅ አምጣ» ብለው፣ የታክሲ ረዳት ወንድሙን አመጣልኝ፤
«ጠዋት ከኔ ጋ ነው፤ መኪናው ቆሟል፤ ቶሎ ንገሪኝ»
አለ፣ አንድ እግሩ ደጅ፣ አንድ እግሩ ክፍል። ልነግረው ያልኩት ጠፋኝ።

ምክትሉ ጋሽ ሽብሩ ከመሳቢያው የውሃ ጎማ አወጣ፤
«ልጅ ሚስማር ነው፤ ሳይመታ አይገባም» አለ፣ ሳይቆጣ።
እኔም ሚስማር ነበርኩ በልጅነቴ፤ ገብቻለሁ፣ አልክድም፤
ግን ከዚያ ወዲህ፣ ሰው ፊት፣ አንገቴ ቀጥ አይልም።

ጎማውን አልወሰድኩም።
ዋሸሁ። አንድ ቀን ወስጄ ጠረጴዛዬን መታሁበት።
አቤኔዘር ፈገግ አለ። የደነገጠችው ሲፈን ናት፤
የፊተኛው ዴስክ ሲፈን፣ ድምፅዋን ሰምቼው የማላውቅ፣
ጭንቅላቷን በእጆቿ ሸፈነች፣ ቀጥሎ የሚመጣውን እንደምታውቅ።

በማግስቱ ጠመኔውን ለልጁ ሰጠሁት። ድካም እንጂ ጥበብ አልነበረም።
«አለቃ ነህ። የረባሽ ስም ጻፍ። አንድም እንዳታልፍ፣ አንድም።»

አንደኛ፦ አቤኔዘር። ሁለት ኤክስ አከለበት።
ሁለተኛ፦ ቲቸር።
ክፍሉ ትንፋሹን ዋጠ።
«ትናንት ጠረጴዛ መትተዋል» አለ፤ አልቀለደበት።

ሦስተኛውን ሊጽፍ ሲል፣ ከኮተቤ በኩል ዝናብ መጣ፤
ሲኖትራክ ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የገለበጠ ያህል፤ የሰው ድምፅ ታጣ።
ልጁ ጣሪያውን አየ። «ዝናቡ» ብሎ ጻፈ። ኤክስ አደረገበት።
ኤክስ። ኤክስ። ኤክስ። ጠመኔው ጣቱ ላይ እስኪያልቅበት።
ሰባ ሁለት ልጅ ዝም ብሎ ሰሌዳውን አነበበው፤
ሲፈን አንድ ነገር ተናገረች፤ ዝናቡ ወሰደው።

አላጠፋሁትም። በነጋው ጋሽ ሽብሩ በጠዋቱ ፈረቃ አየው፤
ቢሮ ጠርቶኝ፦ «ይህ ዝናቡ የሚባለው ልጅ ማነው?
ይህን ሁሉ ኤክስ! ዛሬውኑ ወላጅ ይጥራ፤ እኔ ልየው።»

አቤኔዘር? አልተለወጠም። ስምንት ሰዓት ላይ፣ እንደ ልማዱ፣
«መገናኛ! አንድ ሰው!» ተንጠለጠለ ከነጉዱ።
እኔም ከሰሌዳው ሳልዞር፣ «ወራጅ አለ!» አልኩ።
ክፍሉ ቆመ፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል።
በዚያች ትንፋሽ፣ ግማሽ ሲደመር ሩብ ብዬ ጻፍኩ።